ጉንጯ ላይ የቀረው

ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ቤት ሲጸዳ አንድም ዕቃ አይቀርም። አዲሱ ዓመት በአሮጌው እድፍ ላይ እንዲገባ አንፈልግም። ልጄ ባልዲና ስፖንጅ ይዞ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሥዕል ሲሄድ ግን እጁን ያዝኩት።

ሥዕሉን ባለቤቴ ነው ጉኑኖ ከተማ ሲያስተምር በዘይት ቀለም የሳለው። ሥዕሉ ላይ ያለችው የመጀመሪያ ልጃችን ናት። ገና በሕፃንነቷ ጌታ ወሰዳት። ፎቶ አልነበራትም፤ ባለቤቴም ካረፈ ቆይቷል። ፊቷ የቀረው እዚያ ሸራ ላይ ብቻ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ከሥሩ ስናበራው በኖርነው ኩራዝ ጠቁሮ፣ ዓይኖቿ እንኳ አይለዩም ነበር።

ልጄ ሳሙናው ካስፈራኝ ጥላሸቱ በነጭ ጋዝ እንደሚለቅ ነገረኝ። እሱ የባሰ አስፈራኝ። ከባለቤቴ ጋር ያስተምሩ የነበሩትን የሥዕል መምህር አስጠራሁ።

መምህሩ ሥዕሉን አውርደው መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ይኖር እንደሆነ በጎን አዩት፤ ደግነቱ አልነበረም። ሳሙና በቀለሙ ጥቃቅን ስንጥቆች እንደሚገባ፣ ጋዝም ከጥላሸቱ ጋር ቀለሙን ይዞ እንደሚሄድ አስረዱን። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ካነሱ በኋላ እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልለው ሰጡኝ። በምራቅ አርጥቤ፣ ሳልጫን፣ እያንከባለልኩ እንድጠርግ፤ ሲጠቁር ጥዬ አዲስ እንድይዝ ነገሩኝ።

ምራቅ ሲሉ አፈርኩ።

«እትዬ፣ ከፋርማሲ አይገዛም እኮ» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸው ከበደ። «ጥጡ ላይ ቀለም ካዩ ግን ያቁሙ። የጠፋ ፊት አይመለስም።»

ጸልዬ ከግንባሯ ጀመርኩ። ጥላሸቱ ቀስ እያለ ለቀቀ። እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት በር ላይ የነጠላዬን ጫፍ በምራቅ አርጥቤ ፊቷን ስጠርግ አንገቷን ታዞርብኝ ነበር። አሁን አላዞረችም።

ዓይኖቿ ወጡ። ጉንጯ ላይ ግን አንድ ቀላ ያለ እድፍ እምቢ አለ። ደግሜ ጠረግኩት። ጥጡ ቀይ ነካው። እጄ ቆመ።

መምህሩ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄ እድፍ አይደለም። ባለቤትዎ የሳለው ነው።»

የጉኑኖ ቀይ አፈር ነበር። ከጨዋታ ስትገባ እኔ ሁልጊዜ የምጠርገውን፣ አባቷ ሳይጠርግ አስቀምጦልኛል። ጥጡን አስቀምጬ ጌታን አመሰገንኩ።

በጊፋታ ሊጠይቁን የመጡ ጎረቤት፣ ሥዕሉን አይተው ጉንጯ ላይ ትንሽ እድፍ እንደቀረ ነገሩኝ። አመስግኜ ወደ ማዕድ ጋበዝኳቸው።