በር የሌለው ፓርክ

ሰውዬው ቤቴል ያለውን ሰርቪስ ቤታችንን ሊከራይ ሲመጣ ያመጣው ከቸርቻችን አንድ ወንድም ስለነበር፣ እናቴ ብዙም አልጠየቀችም። እኔ ግን ጠየቅሁ። ከዚህ በፊት የት ይኖር እንደነበር ስለው፣

«ውጭ ነበርኩ። ፓናማ» አለኝ።

«ለሥራ?»

«ለጉብኝት። ብሔራዊ ፓርኮቻቸውን ለማየት።»

ይህን ሲል ፊቴን አላየም። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ክስት ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ልጅ ነው። ከኮልፌ ተነስቶ ፓናማ ድረስ ዛፍ ለማየት የሄደ ሰው ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አላመንኩትም።

ታናሽ እህቴ ግን ወዲያው ወደደችው። ቱሪዝም ተምራ ተመርቃ፣ ሥራ አጥታ ቤት ከተቀመጠች ከርማለች። ማታ ማታ እራት ላይ ስለ ፓናማ ያነበበችውን ታወራልን ጀመር። አገሪቱ ትንሽ ብትሆንም ሰፊ መሬቷ የተከለለ ጫካ ነው። መርከብ ከሚያልፍበት ቦይ አጠገብ ደን አለ። ድሮ እስር ቤት የነበረች ደሴት ዛሬ ፓርክ ሆናለች። ከኮሎምቢያ ጋር በሚያዋስነው በኩል ደግሞ ዳሪየን የሚባል ትልቅ ጫካ አለ፤ ዝንጀሮ የሚያነሳ ንስር ይኖርበታል። እናቴ ቦንጋ አካባቢ ደን ውስጥ ያደገች ስለሆነች ስለ ዛፉና ስለ ማሩ ትጠይቃለች። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ስለ ደሴቷም ስለ ቦዩም ሰውዬው ትንፍሽ የማይለው፣ ስለ ዳሪየን ብቻ የሚያወራው ለምንድን ነው?

አንድ ቀን ልብስ ሲያሰጣ አግኝቼው ጠየቅሁት።

«የፓርኩ መግቢያ በር ምን ይመስላል?»

ሸሚዙን ገመዱ ላይ እየዘረጋ፣ «በር የለውም» አለኝ።

ስልኬ ላይ ፈልጌ አነበብኩ። ጎብኚ ፈቃድ ማውጣት አለበት፣ አስጎብኚ መያዝ አለበት ይላል። በር የሌለው ፓርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ የገባ ጎብኚ። ለእህቴ ይህን ብነግራት ሳቀችና፣ «አንቺ ደግሞ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ» ብላኝ ወጣች።

ክረምቱ ሲገባ ሌላ ነገር አየሁ። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ሰውዬው ካለበት ተነስቶ ይሮጣል፤ ጫማውንና ቦርሳውን ከወለሉ አንስቶ ቁም ሳጥኑ ላይ ይሰቅላል። ሰርቪስ ቤቱ ከግቢው ከፍ ብሎ ነው የተሠራው፤ ውሃ ገብቶበት አያውቅም። ቦርሳው ውስጥ የሚደብቀው ነገር አለ ብዬ አሰብኩ። እናቴን ብነግራት ግን ሽንኩርቷን መክተፏን ሳታቆም፣

«ደን ለመዝናናት የሄደ ሰው ስለ ዛፍ ነው የሚያወራው። ይህ ልጅ የሚያወራው ስለ ውሃ ነው» አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። እኔ የማውቀው ደላሎችን ነው። ሰፈራችን ልጁን በብራዚል በኩል ወደ አሜሪካ የሸኘ ቤት ሞልቷል። ደላላ ደግሞ የሚጮህ ሰው አይደለም፤ ረጋ ያለ ነው፣ ቸርች የሚመጣ ነው፣ እናቶችን «እማማ» እያለ የሚያቅፍ ነው። ተከራያችን ሁሉንም ያሟላል። እህቴና እሱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ ብቅ ስል ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ስልኳን ትገለብጠዋለች። ይባስ ብላ አንድ ቀን ከመርካቶ እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦት ጫማ ገዝታ መጣች።

«ለምንሽ ነው?» አልኳት።

«ለክረምቱ ነዋ።»

ቤቴል አስፋልት ነው።

እሑድ ከቸርች ስንመለስ እናቴ ሰውዬውን ለምሳ ጠራችው። ምግቡ ሳይነሳ፣ አራታችንም ገበታ ላይ እንዳለን፣ ጠየቅሁት።

«እህቴን የት ልትወስዳት ነው?»

ወደ እህቴ ዞረና ቀስ ብሎ፣ «ንገሪያቸው» አላት። እሷ ሳህኗን እያየች ቀረች።

«እማማ፣» አለ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እኔ አይደለሁም የምወስዳት። ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ ሰው አግኝታ ጉዳዩን እየጨረሰላት ነው። ወደ አሜሪካ የሚወስደውን የዳሪየንን መንገድ ማለፌን ስታውቅ ነው እኔን መጠየቅ የጀመረችው። አትሂጂ ብያታለሁ። ለእርስዎ ግን ልነግርዎት አልደፈርኩም።»

እናቴ እጇን ከገበታው አነሳች። «ጉብኝት ነበር አላልክም እንዴ፣ ልጄ?»

«ለእናቴ ያልኩትን ነው ለእናንተም ያልኩት። በስልክ ‘የት ነህ?’ ስትለኝ፣ ‘ፓርክ ውስጥ ነኝ፣ ዛፉን ብታይው’ እላት ነበር። ፓርክ መሆኑ እውነት ነው።»

ከዚያ ነገረን። ጭቃው ቦት ጫማ ከእግር ላይ መጥጦ እንደሚያስቀር፣ ሳያዩት የሚጮኸው ዝንጀሮ ድምፁ የአንበሳ እንደሚመስል፣ ጠርቶ የዋለ ወንዝ ማዶ በዘነበ ዝናብ ሞልቶ ድንኳን ይዞ እንደሚሄድ። አብራቸው የነበረች አንዲት ያገራችን ልጅ ጉልበቷ አብጦ የዛፍ ሥር ላይ ተቀመጠች። «እናንተ ቅደሙ፣ እደርሳለሁ» አለቻቸው።

«እሺ አልናት» አለ። «እሺ ብለናት ሄድን።»

እሱ ሜክሲኮ ድረስ ዘልቆ፣ ተይዞ ተመልሷል። ልጅቷ መድረስ አለመድረሷን እስከ ዛሬ አያውቅም።

እናቴ እያለቀሰች ነበር። እኔ ግን የተያዘ ውሸታምም እንዲህ እውነተኛ ይመስል ይሆናል እያልኩ ፊቱን እመረምር ነበር። እህቴ ተነስታ መኝታ ክፍል ስትገባ ተከተልኳት።

«እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው። እኔ ነኝ የደበቅኳችሁ።» አልጋው ላይ ተቀመጠች። «ሁልጊዜ ወሬውን ልጅቷ ጋ ሲደርስ ያቆመው ነበር። ዛሬ ገና ነው የጨረሰው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ያነበብሽው ንስር፣ ያ ሁሉ ወፍ ውሸት ነው?»

«አይደለም፣ እቴቴ። ጫካው ውብ ነው። እሱ ያለውም እውነት ነው። ሁለቱም አንድ ቦታ ነው።»

ፓስፖርቷን ራሷ አውጥታ ለእናቴ ሰጠቻት። ሰውዬው ክረምቱ ሲወጣ ወደ እናቱ አገር ሄደ፤ ሲሄድ እጁን ጨበጥኩት፣ ይቅርታ ለማለት ግን አፌ አልታዘዘልኝም። እሱም የጠበቀ አይመስለኝም።

እህቴ አሁን እንግዶች ይዛ መናገሻ ደን የምታስጎበኝበት ሥራ አግኝታለች። ደስተኛ ትመስላለች። ትመስላለች የምለው ያኔም ትመስል ስለነበር ነው። ትንሽ ስታመሽ እደውልላታለሁ። «ታክሲ ጠፍቶ ነው፣ አየር ጤና ነኝ» ትለኛለች። ወዲያው አልዘጋም። ከጀርባዋ የታክሲ ረዳቱን «ቤቴል፣ ቤቴል» እስክሰማ ድረስ አንዳንድ ነገር እያወራሁ አቆያታለሁ።