የዳግማዊ የጾም ቅቤ

አሰፋሽ ካምፓላ፣ ኪዋቱሌ ውስጥ አምስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ነበራት። እኔ ከጓሮዋ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ እየኖርኩ፣ ቀን ቀን ሽንኩርት እልጥላት ነበር።

ኮሮና አውሮፕላን ባቆመበት ዓመት እናቷ አዲስ አበባ ሞቱ። መሄድ አልቻለችም። ያን ሰሞን ስለ እናት የሚዘፍነውን ዳግማዊን ከስልኳ አልለየችውም። «ለቀስተኛዬ እሱ ብቻ ነበር» ትላለች። በዓይኗ አይታው ሳታውቅ «ወንድሜ» ማለት ጀመረች።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ዳግማዊ ቢጫ ቆርቆሮ ማርጋሪን ይዞ በስልኳ ብቅ አለ። «የጾም ቅቤ ነው፤ እኔም የምበላው እሱን ነው» አለ። አሰፋሽ በማግስቱ ስድስት ቆርቆሮ ገዛች። ሽሮውም ጎመኑም በእሱ ተሠራ፤ ደንበኛው ጣቱን ላሰ።

አንድ ረቡዕ ወልደየስ የሚባል የመኪና ዕቃ ነጋዴ፣ ሥጋ በነካ ቢላዋ የተከተፈ ሽንኩርት እንኳ የማይቀምስ ጿሚ፣ ቆርቆሮውን አንስቶ ደቃቁን ጽሑፍ አነበበ።

«አሰፋሽ፣ የወተት ዱቄት አለበት ይላል።»

«አንተ ደግሞ መቼ እንግሊዝኛ ተማርክ?»

«ወተትን ለማወቅ የሚበቃኝን ተምሬያለሁ። ስንት ቀን አስገደፍሽን?»

«ዳግማዊ አይዋሽም። ምቀኛ ነህ፤ የሰው ስም ሲነሳ ያምሃል።»

«እንግዲያ ለእሱ ቀቅይለት» ብሎ ሳህኑን ገፍቶ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት።

እነሱ ሲወጡ እኔም መነጽሬን አድርጌ ቆርቆሮውን አየሁት። «ሚልክ» የሚለውን ከወተት ከረጢት ላይ አውቀዋለሁ፤ ከጨው ቀጥሎ ተጽፏል።

አሰፋሽ በዳግማዊ ገጽ ላይ «ወንድሜ፣ ወተት አለበት ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ጻፈች። እሱ አልመለሰም። አድናቂዎቹ ግን «ምቀኛ»፣ «ስንት ተከፍሎሽ ነው?» እያሉ ወረዱባት። በማግስቱ ጥያቄዋ ከገጹ ላይ ጠፋ።

በሰሙነ ሕማማት፣ ቆርቆሮው ላይ ያለውን ቃል ካሳየኋት በኋላ፣ ደንበኞቿን ቤት ለቤት እየዞረች «ወተት አብልቻችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለች። አንዳንዱ ይቅር አላት። ወልደየስ በሩን ሳይከፍት «ንስሐ አባትሽ ጋ ሂጂ፤ ካልሆነም ዳግማዊ ጋ» አላት። ከፋሲካ በኋላ ምግብ ቤቱ ወር አልሞላም፣ ተዘጋ።

ዛሬ እዚያው ካምፓላ፣ ናካሴሮ የሚባል ሰፈር ተቀጥራ በሰው ማድ ቤት ታበስላለች። የዘፋኙን ስም በክፉ ሳነሳ «ይተዉ እማማ፣ እሱንም አታለውት ነው» ትለኛለች።

«አታለውት ከሆነ፣ ጥያቄሽን ለምን አጠፋው?» አልኳት።

«እሱ መሰለዎት? እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። «ሰው አይቶ እንዳያማው ብዬ።»