ሚዜው የረጨው ሽቶ

የጽጌረዳ ሽቶ በሸተተኝ ቁጥር ጀርባዬን ቀዝቀዝ ይለኛል። ባለፈው ሳምንት አንዋር መስጊድ አጠገብ ባሉት ሽቶ ቤቶች በር ሳልፍ አንዱ ሻጭ እጄ ላይ ጠብ አደረገልኝና፣ የመጣሁበት ገበያ ተረስቶኝ፣ ሶማሌ ተራ ጀርባ የነበረው ቤታችን ትዝ አለኝ፤ እታለምም ትዝ አለችኝ። እታለም የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ስሟ አስናቀች ቢሆንም እኔ እታለም እያልኩ ነበር የምጠራት።

ክረምት ሲገባ መርካቶ ጭቃና የራሰ ካርቶን ይሸት ነበር፤ እታለም ግን ሽቶዋን ተቀብታ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ እየሳቀች ጭቃውን ትሻገር ነበር። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ በቀትር ሽቶ ተቀብተሽ አትውጪ፣ የማይታየው ያይሻል» ስትላት፣ «ይየኝ ታዲያ፣ ማየት በነፃ ነው» እያለች ታሾፍባት ነበር። ኋላ ግን ሽማግሌ በተላከ ቁጥር ሰውነቷ እንደ እሳት እየጋለ ትወድቅ ጀመር፤ ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ተነስታ ምሳ ትጠይቅ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «ዓይነ ጥላ ነው፣ ወዷታል» አለ። እኔም አመንኩ፤ ከሰዓት በኋላ አብረን ጋደም ስንል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ለማላየው ሰው ፈገግ ስትል አያት ነበርና።

በዚህ መሀል ታደሰ መጣ። አውቶቡስ ተራ የደሴ መስመር ሹፌር ነበር፤ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው። እታለም ወደደችው፤ ምግብ እስኪዘጋት ወደደችው። ጳጉሜ ስትደርስ «እሱን ካላገባሁ መኖሬ ምን ሊረባኝ» ብላ በገዛ እግሯ ጠበል ገባች፤ እናቴም እኔን አስከትላ አብራት ሄደች። ቄሱ ትከሻዋን በመስቀል እየመቱ «ማነህ? ተናገር!» ሲሉ፣ ከእሷ አፍ የወንድ ድምፅ ወጥቶ «አስቀድሜ የወደድኳት እኔ ነኝ፤ የሚያገባት ሰው ዓመት አይደፍንም» አለ። እናቴ በነጠላዋ ጆሮዬን ሸፈነችኝ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ሰምቼዋለሁ። ጳጉሜ ሳታልቅ ድምፁ ጠፋ። ቄሱም «ለቋታል፤ የሚጠራው ግን ሽቶ ነውና ከእንግዲህ እንዳይነካት» ብለው አዘዙ፤ እሷም ጠርሙሶቿን አንድ ሳታስቀር ሽንት ቤት ደፋቻቸው። በመስከረም የታደሰ ሽማግሌዎች መጡ፤ አልታመመችም። ቤታችን በእልልታ ተናጋ።

ሰርጉ ጥር ላይ ሆነ። ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ጠላው፣ ስለ በሬው ስንት ነገር ሲታሰብ፣ ለሚዜዎቹ የሽቶውን ነገር የነገራቸው ሰው አልነበረም። በሩን ይዘን ስንዘፍን ቆይተን ስንለቅላቸው፣ የመጀመሪያው ሚዜ እንደ ወጉ ሽቶውን እየረጨ ገባና የእታለምን ቬሎ አርከፈከፈው። ጽጌረዳ ነበር። እታለም በታደሰ ትከሻ አሻግራ ባዶውን በር አየችና፣ ለግድግዳው እንደምትስቀው ፈገግ አለች፤ ወዲያው እንባዋ ወረደ። ታደሰ ያመጣላትን አበባ መልሳ ሰጠችው።

«ታዴ፣ ተመለስ። አንተን ቀብሬ አልኖርም።»

«ብሞትም ልሙት» ብሎ እግሯ ስር ተንበረከከ። አባቴ ተቆጣ፣ ሽማግሌዎቹ ለመኑ፤ እሷ ግን ቬሎዋን እንደለበሰች ጓዳ ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። የሰርጉን ወጥ እንደ ልቅሶ ቤት ምግብ አቀርቅረን በላነው።

ዛሬ ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ እታለምም ኮንዶሚኒየም ከእኔ ጋር ትኖራለች። ከዚያ ወዲያ ባል የሚባል ነገር አላነሳችም። ሽቶ የሚባል ነገር ቤቴ አላስገባም፤ ሆኖም አንዳንድ ቀን በቀትር ክፍሏን ስከፍት ጽጌረዳው ይቀበለኛል፣ እኔም በሩን ቀስ ብዬ መልሼ እዘጋለሁ። በልጅነቴ የምፈራው ዓይነ ጥላውን ነበር፤ አሁን ግን የበለጠ የሚያስፈራኝ የእሷ መውደድ ነው። እኔ ባሌን እወደዋለሁ፣ እንደዚያ መውደድ ግን አልችልበትም።

ያን ቀን ከሽቶ ቤቶቹ ስመለስ ታደሰን አውቶቡስ ተራ አየሁት፤ የልጅ ልጁን እጅ ይዞ ነበር። ሽቶ የነካውን እጄን ደጅ ታጥቤ ቤት ገባሁና ለእታለም ነገርኳት።

«ሸበተ?» አለችኝ።

«ፀጉሩ ጥጥ መስሏል።»

«እሰይ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።