ያልጠጣሁት መረቅ

በሽታው የጀመረኝ በሳል ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና እያረምኩ ሳለ ደረቅ ሳል ያዘኝ። የጠመኔ ብናኝ ነው ብዬ ተውኩት። ዝንጅብል አፈላሁ፣ ማር ላስኩ፤ ሳሉ ግን አብሮኝ መክረም ፈለገ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ቀሚሴ ሰፋኝ። አንዲት ባልደረባዬ «ምን ተገኘና ነው እንዲህ የቀጠንሽው? ለእኛም ንገሪን እንጂ» ብላ ስትቀልድ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ሳቅሁ።

የሚያሳፍረው እዚህ ላይ ነው። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። «ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ» ብዬ ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ፤ ስንቱ ልጅ ገልብጦታል። በራሴ ሲመጣ አላወቅሁትም። ወይም አውቄ ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈውም በይበልጥ እንደ እኔ አውቆ ዝም ላለው ሰው ነው።

ሰኔ ማለቂያ ላይ መሐረቤ ላይ ደም አየሁ። ትንሽ ነው። ቀይ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። አክታዬን ሰጠሁ፤ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ መረመሩት። ሐኪሙ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ወረቀቱን አየና ሳያንዛዛ ነገረኝ።

«የሳንባ ቲቢ ነው። ይድናል። ግን ስድስት ወር ይፈጃል፤ አንድም ቀን አይዘለልም።»

የመድኃኒቶቹን ስም ጻፈልኝ፤ ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድ፣ ኢታምቡቶል። ለሁለት ወር አራቱም፣ ከዚያ ለአራት ወር ሁለቱ ብቻ። ሽንቴ ብርቱካንማ ቢሆን እንዳልደነግጥ አስጠነቀቀኝ። ለጊዜው ለብቻዬ እንድተኛ፣ መስኮት እንድከፍት፣ አፍና አፍንጫዬን እንድሸፍን ነገረኝ። ልወጣ ስል ደግሞ፣ «ደህና አድርገው ይብሉ። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ። ሰውነትዎ ካልበረታ መድኃኒቱን አይችሉትም» አለ።

የምኖረው ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው፤ ባለቤቴ ሞቶ ልጅም ስላልወለድን ብቻዬን ነኝ። የሥጋ ዘመድ የምለው አንድ ታናሽ ወንድም አለኝ፣ ኃይሉ፤ ቤቱ ከግንቡ ውጭ፣ ሐኪም ጋራ በሚባለው ተራራ በኩል ነው። ደውዬ ነገርኩት። «ልጆቹ…» አለ። ሦስት ትንንሽ ልጆች አሉት። «አትምጣ፣ ሲሻለኝ ትመጣለህ» አልኩት። እውነትም አልመጣም። በየቀኑ ይደውላል። በአፌ አትምጣ አልኩት እንጂ ዓይኔ ከበሩ ላይ አልተነሣም ነበር።

የእድራችን ሴቶችም ያመጡትን ደጅ አስቀምጠው ይመለሱ ነበር። አልቀየምኳቸውም፤ ስለ በሽታው መተላለፊያ መንገድ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

የገቡት አዴ ሽኩሪያ ብቻ ናቸው፤ አዴ በእኛ ሰፈር እናት እንደማለት ነው። አዴ ሽኩሪያ በግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ናቸው፤ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጡ፣ ከስልሳ ያለፉ፣ ሰላታቸውን የማያስታጉሉ ሙስሊም። ስንጎራበት ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው። በረመዳን ሳምቡሳ ይልኩልኛል፤ የምስር ነው። ለፋሲካ ድፎ ዳቦ እልክላቸዋለሁ። ሥጋ ግን በሁለታችን ቤት መካከል ተላልፎ አያውቅም። ለማያውቅ ሰው ለመንገር ያህል፣ በእኛ አገር ክርስቲያኑ ክርስቲያን የባረከውን ሥጋ ይበላል፣ ሙስሊሙም ሙስሊም ያረደውን። አንዱ ሌላውን ሲጋብዝ አራጅ ከእንግዳው ወገን ይጠራል፣ ድስቱም ይለያል። ከልጅነት ጀምሮ ስለምናውቀው ቅር የሚለው የለም።

አዴ ሽኩሪያ መስኮቱ ሥር ወንበር ስበው፣ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ሲነሡ «አላህ አፊያሽን ይመልስልሽ» ይላሉ። «አሜን» እላለሁ። ከወጡ በኋላ ግን አሜን ማለቴ አግባብ ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ። ምን ይደረግ፣ እንዲህ ነበርኩ። ጸሎትን እንደ ፈተና ወረቀት ስም እያየሁ ነበር የምቀበለው።

ሐምሌ ከበደኝ። መድኃኒቱን እውጣለሁ፣ ያስመልሰኛል። እንጀራ ይሸተኛል። ከአልጋ እስከ በር ለመሄድ ግድግዳ እይዛለሁ። ጤና ጣቢያ ሲመዝኑኝ አርባ አንድ ኪሎ ሆንኩ። ነርሷ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው። «ቲቸር፣ ካልበሉ እኮ አይሆንም» አለችኝ። አውቃለሁ። አልበላ አለኝ። ልሞት ነው ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው። ጮክ ብዬም አልኩት። የሰማኝ የለም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ቀትር ላይ አዴ ሽኩሪያ በፎጣ የተጠቀለለ ሳህን ይዘው ገቡ። የዶሮ መረቅ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ያለበት። ሽታው ቤቱን ሞላው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ምራቄ መጣ።

«ትኩሱን ጠጪው፣ አቦ! ሳይበርድ!» አሉና ሰላት ደርሶባቸው ፈጥነው ወጡ።

ማንኪያውን አነሣሁ። ከዚያ ዶሮውን ማን ባረከው የሚል ሐሳብ መጣብኝ። በአዴ ሽኩሪያ ቤት ወንድ የለም፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ያለችው ልጃቸው ኢክራም ናት። ክርስቲያን ማን ያርድላቸዋል? ሰው ሲታመም ሁሉም ይፈቀዳል ብለው ነው አልኩ። ከዚያ የባሰውን አሰብኩ። ስደክም ጠብቀው ሃይማኖቴን ሊያስጥሉኝ ነው አልኩ። ሃያ ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን እንኳ የምስሩን ከሥጋው ያላሳሳቱብኝን ሴት! ይህን መጻፍ ያመኛል፤ ግን ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

ሄጄ ልጠይቃቸው እችል ነበር። አፈርኩ። ግድግዳ ይዤ ወጣሁና ሳህኑን ደጃፌ ካለው ቦይ ላይ ደፋሁት። አጥቤ መለስኩላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጣፋጭ ነበር» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሥጋ አላመጡም። ቅዳሜ ወተት መጣ፣ ከዚያ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተፈጨ ኦቾሎኒ በማር። ያንን በላሁ። በሦስት በአራት ቀን ማስመለሱ ቆመ። ፍልሰታ ሲገባ ልጹም ብዬ ለነፍስ አባቴ ብደውል፣ «ልጄ፣ የዘንድሮ ጾምሽ መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ መዋጥ ነው» አሉኝ። ታዘዝኩ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የአክታዬ ምርመራ ነጻ ሆነ፤ ሐኪሙም ከሰው ጋር መቀላቀል እንደምችል ነገረኝ። መስከረም ሲጠባ ጠባቡን መንገድ ይዤ፣ የግንቡን ጥላ እየተከተልኩ፣ መጀመሪያ እስከ መታጠፊያው፣ ከዚያ እስከ ገበያው፣ በመጨረሻም እስከ ትምህርት ቤቴ ድረስ መራመድ ቻልኩ፤ ልጆቹም ሲያዩኝ እየጮሁ መጥተው ደብተሬን ተቀበሉኝ። ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ አዛኑን፣ ቀጥሎም የቅዳሴውን ድምፅ እሰማለሁ፤ ሁለቱም በአንዱ መስኮቴ ነው የሚገቡት። አንድ ማለዳ በግድግዳው በኩል የአዴ ሽኩሪያን ዱዓ ሰማሁ። አረብኛውን አላውቀውም፤ መካከል ላይ ግን ስሜን ለየሁት። የዚያን ቀን አሜን ያልኩት ስም ሳላይ ነው።

ጥቅምት ላይ አዴ ሽኩሪያ ሱቃቸው ውስጥ ወደቁ። ደም ግፊት ነበረባቸው። ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆዩ። አልተናገሩም። ዓይናቸውንም አልገለጡም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ኢክራም ከሆስፒታል መርዶውን ይዛ ገብታ ስትጮህ በግድግዳው በኩል ሰማሁ።

ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለ ኢክራም ጠቀሰችኝና ወደ ማድ ቤት ይዛኝ ገባች። በልጅነቷ አስተምሬያታለሁ፤ ዛሬም ቲቸር ነው የምትለኝ። ከመደርደሪያው ጥግ መካከለኛ ድስት አወረደች፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል።

«ቲቸር፣ ይሄ የእርስዎ ነው። ኡሚ ለእርስዎ ብላ ነው የገዛችው። የእኛ ሥጋ ገብቶበት አያውቅም።»

አልገባኝም። ድስቱን ተቀበልኳት።

«ያኔ ዶሮውን የሠራችልዎት በዚህ ነው። ጋሽ ኃይሉን ደውላ ጠራቻቸው፤ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ እሳቸው ናቸው የባረኩት።»

ወንድሜ። እኔ ልሞት ነው እያልኩ ስጮህ በነበረበት ሳምንት ወንድሜ ከግድግዳው ማዶ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ጋሽ ኃይሉ ኡሚን ለእርስዎ እንዳትነግር አስማሏት። እዚህ ድረስ መጥተው የእርስዎን ደጅ ሳይረግጡ መመለሳቸው አሳፈራቸው። አልቅሰው ነው የሄዱ፣ ወላሂ።»

ድስቱን ይዤ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። «ኢክራም፣ መረቁን እኮ ደፋሁት» አልኳት።

«አይታለች» አለች። «ቅባቱ በቦዩ በደጃችን ወረደ። እኔ ተናድጄ ልመጣብዎት ነበር። ኡሚ ግን "ሆዷ አልቀበል ብሏት ነው፤ ዝም በይ፣ ትሰማሻለች" አለችኝ።»

ሆዴ አልነበረም። እሳቸውም ያወቁ ይመስለኛል፤ ቢያውቁ ነው ከዚያ በኋላ ወተትና እንቁላል ብቻ ያመጡት። «ወንድምሽ ነው የባረከው» ቢሉኝ ነጻ ይወጡ ነበር። የእኔን ጥርጣሬ ተሸክመው የወንድሜን ገመና ሸሸጉ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አልቻልኩም። ዛሬም የሚያስለቅሰኝ ይህ ነው፤ ቲቢው አይደለም።

ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ሃይማኖቴን የተውኩ ወይም ያላላሁ ይመስለዋል። አይደለም። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፣ ዛሬም ሙስሊም ያረደውን አልበላም። አዴ ሽኩሪያ ድስት ገዝተው፣ ክር አስረው፣ አራጅ የጠሩት እምነቴን እንድጠብቅ ነው። እኔ የራሴን እምነት እጠብቃለሁ ብዬ ስደፋው፣ እሳቸው ከእኔ ቀድመው ጠብቀውልኝ ነበር። በእሳቸው ዱዓ ነው የዳንኩት ወይስ በነፍስ አባቴ ጸሎት ወይስ በሪፋምፒሲን? ሦስቱንም የሰጠኝ አንድ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

አሁን ታማችሁ ይህን ለምታነብቡ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ተመርመሩ። ሲሻላችሁ መድኃኒቱን አትተዉ፤ የሚሻለው ቶሎ ነው፣ የሚድነው ግን ሲያልቅ ነው። የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ። ሰው ደጃችሁን ቢሸሽ፣ ሁሉም ጠልቶ እንዳልሆነ እወቁ፤ መጥቶ ከግድግዳ ማዶ ቆሞ የሚያለቅስም አለ። የሚበላ ነገር ሲመጣላችሁ ጥርጣሬ ካደረባችሁ ደግሞ አትፈሩ፣ ጠይቁ። እኔ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ አፍሬ፣ መልሱን ከቀብራቸው በኋላ ሰማሁ።

ስድስቱ ወር ያለቀው ገና ካለፈ በኋላ ነው። ሐኪሙ ካርዴ ላይ ፈረመና «ጨርሰዋል፤ ድነዋል» አለኝ። ለእሱም፣ ለነርሷም፣ ለነፍስ አባቴም ምስጋናዬ ብዙ ነው። ኃይሉ ከተሻለኝም በኋላ እያፈረ ሳይመጣ ከርሞ ነበር፤ በማግስቱ ዶሮ ይዘህ ና አልኩት። መጣ። ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ድስቱን አሳየሁት። ክሩን አይቶ ሁሉን እንዳወቅሁ ገባው። እጁን ይዤ አስገባሁት። ባረከልኝ፣ ቀቀልኩት። ኢክራምን ጠርቼ በአዲስ መጥበሻ እንቁላል ጠበስኩላት። መረቁ ላይ ጨው በዝቷል። ትኩሱን፣ ሳይበርድ፣ እስከ ሳህኑ ሥር ጠጣሁት።