የአክስቴ አዲስ ጥርስና የኢንዶኔዥያ ሰላምታ

አክስቴ ሃያ ስምንት ዓመት የአውቶቡስ ጣቢያው ድምፅ ነበረች። ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ፣ የትኛው መኪና በስንት ሰዓት ከየትኛው በር እንደሚነሣ የምትናገረው እሷ ናት። ሠፈሩ «ማይኳ» ይላታል። ፊቷን የማያውቅ ሁሉ ድምፅዋን ያውቀዋል። ገበያ መሀል ዋጋ ስትጠይቅ፣ መኪና ያመለጠው ይመስል ደንግጦ ዞር የሚል ሰው አይጠፋም ነበር።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ ድዷ ታመመና የላይ ጥርሶቿ በሙሉ ተነቀሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራላት። ለመብላት የሚመች፣ ለፎቶ የሚያምር ጥርስ ነው። ነገር ግን «ሰ» ባለች ቁጥር ቀጭን ፉጨት አብራ ትወጣለች። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆበት ያልፋል። አክስቴ ግን ዝም አለች። ሱቅ ስትሄድ የምትፈልገውን በወረቀት ጽፋ ነው፤ ስልክ ሲጠራ ለእኔ ታቀብለኛለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእሷ ቃል ከአፍም አልወጣ አለ።

ችግሩ ጉዞው ነበር። ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊዋ ጋር ኢንዶኔዥያ ሄደው አሥር ቀን ሊያርፉ ቃል ከተገባቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ልብስ ሰፊዋ የኢንዶኔዥያኛ የዕለት ተዕለት ሐረጎች የተጻፉባቸው ሁለት ወረቀቶች አግኝታ፣ አንዱን ለራሷ ይዛ አንዱን ለአክስቴ ሰጥታለች። አክስቴ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ «አልሄድም» አለችኝ። በማታውቀው አገር፣ በማታውቀው ሰው ፊት ማፏጨት አልፈለገችም። የቆረጡትን ቲኬት መመለስ የሚቻለው እስከ ሐሙስ ነው፤ ረቡዕ ከሰዓት ለጓደኛዋ ልትነግራት ወሰነች።

ጥርሱን የሠራላት ባለሙያ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ጮክ ብላ እንድታነብ አዟት ነበር። ጋዜጣ ስሰጣት ከሁለተኛው ዐረፍተ ነገር አታልፍም። ሰኞ ጠዋት ጋዜጣ ስላልነበረኝ ያንን የሐረግ ወረቀት ዘረጋሁላት።

«ሰላማት ፓጊ» አለች፣ በቀስታ። እንደምን አደራችሁ ማለት ነው። ደገመችው። «ተሪማ ካሲህ»፣ አመሰግናለሁ፤ የመጨረሻዋን «ህ» እንደ ትንፋሽ ለቀቀቻት። «በራፓ ሃርጋኛ»፣ ዋጋው ስንት ነው፤ የእኛን «ኛ» እዚያ በማግኘቷ ቅንድቧን አነሣች። ፉጨቷ መጀመሪያ ቀጠነች፤ ከዚያ ጠፋች። ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። ወዲያው ሰዓት ስንት እንደሆነ በራሳችን ቋንቋ ስትጠይቀኝ ፉጨቷ ተመለሰች።

ያን ቀን ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ምላስ አጥንት የለውም ይባላል፤ ትዝታ ግን አለው። የአክስቴ ምላስ የእኛን ቃላት በሙሉ የሚያውቃቸው በድሮው ጥርስ ነው፤ እየሄደ የፈረሰ ቤት በር ያንኳኳል። ኢንዶኔዥያኛን የተዋወቀው ግን ከዚህ ጥርስ ጋር ነው። የሚናፍቀው ነገር የለም። ይህን ስነግራት፣ ወረቀት ማንበብና ሰው ፊት መናገር ለየቅል ናቸው ብላ ወረቀቱን አጠፈችው።

ረቡዕ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች መጣች። አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሳትጀምር ጓደኛዋ ቀደመቻት፤ ያጠናሁትን ላሰማሽ ብላ በስፌት መኪና ፍጥነት ለቀቀችው። ሰላምታው፣ ምስጋናው፣ ይቅርታው አንድ ላይ ተሰፍቶ ወጣ። «ፓጊ»ን «ፓጂ» አለችው።

የአክስቴ ጣቶች ጠረጴዛውን ጨበጡ። ሃያ ስምንት ዓመት ቃል አጥርታ የኖረች ሴት ናት።

«ፓጊ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ፓጊ ነው። እህቴ፣ እንዲህ ብለሽ ሰላም ካልሻቸው ሰዎቹ ልትጣያቸው የመጣሽ ይመስላቸዋል። ደግሞ ‹አፓ ካባር› ማለት ‹ምን ወሬ አለ› ማለት ነው። ወሬ የሚጠይቅ ሰው ይሮጣል እንዴ? ሰከን ብሎ ነው እንጂ።»

ፉጨቷ በየቃሉ መሀል ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ማንም ያልደፈረውን ተናገረች።

«ጥርስሽ ያፏጫል።»

መሬቱን አየሁ። 

«ያፏጭ» አለች አክስቴ። «አንቺ በጥርስሽ ክር ስትበጥሺ ሠላሳ ዓመት ሰምቼሻለሁ። ምን አልኩሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ከዚያ «በራፓ ሃርጋኛ»ን ሞከረች፤ ሁለት ጊዜ ተሰናከለች። አክስቴ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደችው።

«ተይው። እዚያ ስንደርስ ዋጋ የምጠይቀው እኔ ነኝ። አንቺ ዘንቢሉን ትይዣለሽ።»