አባያ ላይ በሌንስ ያየነው ሰው

ይህ ነገር የገጠመኝ በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ ሶዶ ከተማ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ብዙ የዚያን ዘመን ነገር ረስቻለሁ፤ አንዲት ሴት በካሜራዬ ስታይ የተናገረችውን ግን ዛሬም እየመላለስኩ አስበዋለሁ።

ከተማችን ውስጥ ጥቂት ዓመት የሠራ አንድ የውጭ አገር የእርሻ ባለሙያ ነበር። ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፈው የወፍ ፎቶ በማንሳት ነው፤ ፊልሙን የማጥብለት እኔ ነበርኩ። ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ፎቶ ቤቴ መጣና ሁለት ሌንሶች ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«አንዱ ላንተ ነው። ሌላውን አዲስ አበባ ላለ ወዳጄ ቃል ገብቻለሁ። ሞክራቸውና የምትፈልገውን አስቀር» አለኝ።

አንደኛው ክንድ የሚያህል ረጅም ነው። በጣም የራቀውን ነገር አፍንጫ ሥር ያመጣዋል፤ ግን አይሰፋም፣ አይጠብም። ሌላው አጠር ያለ ዙም ነው። ቀለበቱን ሲያዞሩት ሩቁ ይቀርባል፣ ሲመልሱት አካባቢው ሁሉ ይታያል። የረጅሙን ያህል ግን አያቀርብም። ባለቤቴ «ለሠርግ የሚሆንህን ያዝ» አለችኝ። የእኔ ልብ ረጅሙ ላይ ነበር። እንዲያ ያለ ሌንስ ያለው ፎቶ አንሺ በአካባቢያችን አልነበረም።

ሁለቱንም ይዤ ልሞክራቸው ወደ ሁምቦ ወረድኩ። እዚያው ሁምቦ፣ ተበላ ከተማ የሚያስተምር መምህር ላሊሞ የሚባል ወዳጅ ነበረኝ፤ አብረን ወደ አባያ ሐይቅ ዳር ሄድን። ረፋዱን ወፎች ሳነሳ ቆየሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። ቀዩ ውሃ እየተገለባበጠ ዳሩን ይመታ ጀመር።

ልንመለስ ስንል ትንሽ ራቅ ብሎ ሰዎች ተሰብስበው አየን። ሳና የሚባል ዓሣ አጥማጅ ጠዋት በግንድ ታንኳ ወጥቶ አልተመለሰም። ሐይቁ መሐል አንድ ጥቁር ነገር ብቅ ጥልቅ ይላል። አንዱ ግንድ ነው ይላል፣ ሌላው ጉማሬ ነው ይላል። የሳና ሚስት ማርታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከውሃው ጫፍ ቆማለች።

እዚያ ያን ማዕበል የሚችል ጀልባ የነበራቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። «በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ እሄዳለሁ» አሉ። «ለግንድ ብዬ ግን ልጆቼን እዚህ ውሃ ውስጥ አላስገባም።» ማንም ሊፈርድባቸው አልቻለም። አባያ አዞም አለበት።

ካሜራዬን ማቆሚያው ላይ ተከልኩ። መጀመሪያ ረጅሙን ሌንስ ገጠምኩ። ከውሃ በቀር ምንም አላገኘሁም። የሚያሳየው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ጥቁሩን ነገር ብፈልገው ብፈልገው ያመልጠኛል። በዙሙ ቀየርኩ። አስፍቼ አገኘሁት፤ ማዶ ካለች ሹል ኮረብታ ትክክል በታች ነው። ከዚያ ረጅሙን መልሼ ገጥሜ ኮረብታዋ ላይ አነጣጠርኩና ቀስ ብዬ ወደ ውሃው አወረድኩት።

ሰው ነው። በደረቱ ተኝቶ የታንኳውን ግንድ አቅፏል። ማዕበሉ ሲያነሳው ይነሳል፣ ሲጥለው ይወድቃል። ከዚያ ውጪ የራሱ የሆነ እንቅስቃሴ አላየሁበትም።

«ሰው ነው» አልኩ። «በሕይወት ይኑር አይኑር ግን መለየት አልቻልኩም።»

ሽማግሌው ወደ ውሃው አዩ።

ማርታ መጥታ ከጎኔ ቆመች። በወላይትኛ ስትናገር ላሊሞ «እኔ ልይ ትላለች» አለኝ። አንድ ዓይኗን እንድትጨፍን አሳየኋት። ብዙ ቆየች። ድንገት ጮኸች።

«እጁን አነሳ ትላለች!» አለ ላሊሞ።

ቶሎ ተቀብያት አየሁ። ሰውየው ቅድም እንዳየሁት ነው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተስ አየህ?» አሉኝ።

አላየሁም ብል እንደማይሄዱ አውቃለሁ። አየሁ ብል ደግሞ የእሳቸውን ልጆች ሞት ልጠራ እችላለሁ። «ባሏን የምታውቀው እሷ ናት፤ እኔ አላውቀውም» አልኩ።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና ልጆቻቸውን ጠሩ።

ጀልባዋ እንደወጣች ሌላ ችግር መጣ። ከማዕበሉ መሐል ሆነው ሰውየውን ማየት አልቻሉም። እንደገና ዙሙን ገጠምኩ። በእሱ ጀልባዋንም ሰውየውንም አንድ ላይ አያለሁ። እኔ «ወደ ቀኝ!» «ወደ ግራ!» እላለሁ፣ ላሊሞ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ የማርታን ነጠላ ወዳልኩት በኩል ያውለበልብላቸዋል። ክንዱ እስኪዝል አውለበለበ። ሲደርሱ አየሁ። ሲስቡትም አየሁ። ማርታ ፊቴን እንጂ ሐይቁን አላየችም።

ሳና በሕይወት ነበር። ሰውነቱ በረዶ ሆኖ መናገር አቅቶት እሳት ዳር አስተኙት። ማርታ እግሩን እያሸች ታለቅሳለች። ሽማግሌው ከልብሳቸው ውሃ እየጨመቁ ወደ እኛ መጡ።

«ብልህ ነው» አሉ። «ማዕበሉ እንዳይወስደው ሁለቱንም እጁን በመረቡ ገመድ ከግንዱ ጋር አስሮ ነበር። በቢላ ቆርጠን ነው ያላቀቅነው።»

ላሊሞና እኔ ተያየን።

ሶዶ ስመለስ ዙሙን አስቀረሁ። የውጭ አገሩ ሰው ተገረመ፤ ረጅሙን እንደምወስድ እርግጠኛ ነበር። ረጅሙ ሌንስ ባያቀርብልኝ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ነገር ግን ጀልባዋንና ሰውየውን ያገናኘኋቸው በዙሙ ነው።

ከጊዜ በኋላ ባልና ሚስቱ ፎቶ ሊነሱ ሶዶ መጡ። ጎን ለጎን አስቀምጬ አነሳኋቸው። ሳና ሂሳብ አልቀበልም ስላልኩት ውጪ ያስቀመጠውን ዓሣ ሊያመጣልኝ ወጣ። ያኔ ማርታን ጠየቅኋት።

«እህቴ፣ ያን ቀን እጁን ሲያነሳ እውነት አይተሽ ነበር?»

አማርኛዋ ጥቂት ነበር። ቃላት ስትፈልግ ቆየችና፣ «ሽማግሌው ሄደ፣ አይደል?» አለችኝ።

ሌላ አልጠየቅኋትም። እሷ «እጁን አነሳ» ባትል ኖሮ እኔ ያየሁትን በትክክል ተናግሬ፣ ካሜራዬን ሰብስቤ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። ሳና ግን አይመለስም ነበር።