በረዶው ላይ የቆመው ሰው

ታማኪ ኩሬባያሺ የሻይ ገበሬ ልጅ ናት። ያደገችበት የጃፓኑ የሺዙኦካ ጠረፍ በብርዱ ወራት እንኳ መንደሪን የሚለቀምበት ሞቃት አገር ስለሆነ፣ ጂኦግራፊ ልትማር ናጎያ ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ድረስ መሬት ላይ የተከመረ በረዶ አይታ አታውቅም ነበር። አንደኛ ዓመት ሳለች ከጓደኞቿ ጋር ተራራ ወጥታ በረዶው እስከ ጉልበቷ ከዋጣት ወዲህ ግን ልክፍት ያዛት። ፈተና ባለቀ ማግስት ቦርሳዋን አንግታ፣ በየጣቢያው እየቆመ በሚሄደው ዘገምተኛ ባቡር ብቻዋን ትሳፈራለች። ካናዛዋ ሄዳ፣ ቅርንጫፋቸው በበረዶው ክብደት እንዳይሰበር በገመድ የተወጠሩ ጥዶችን አየች። ያማጋታ ሄዳ፣ ከአናት እስከ ሥር በረዶ ለብሰው የጎበጡ ሽማግሌዎች በሚመስሉ ዛፎች መካከል ተንከራተተች። እናቷ፣ የሰው ልጅ ብርድ ሲሸሽ የእኔዋ ብርድ ታሳድዳለች እያለች ለጎረቤት ታማት ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ያላየችው አንድ ነገር ቀራት፤ በየዓመቱ በየካቲት ከሩሲያ በኩል በነፋስ እየተነዳ መጥቶ የሰሜኗን ደሴት የሆካይዶን ጠረፍ የሚዘጋውን የባሕር በረዶ። አባሺሪ ላይ ባቡር ቀይራ፣ ባሕሩን ታክኮ በሚሄድ ባለ አንድ ፉርጎ ባቡር አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ደረሰች። ያረፈችው ወይዘሮ ሂሳኖ ቤት ነው። ሂሳኖ የሰባ አራት ዓመት ባልቴት ናቸው። የሚያከራዩት ሦስት ክፍል አላቸው፤ እነሱንም የሚከፍቱት በረዶው ሲመጣ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው በሙቀቱ ወራት ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ነገሯት። ነገሩ ግራ ገባት፤ ጉልበት የሚያመው በብርድ አይደል?

ከብርዱ ይልቅ ዝምታው ከበዳት። በረዶው ባሕሩን እስከ አድማስ ስለከደነው ማዕበል የለም፤ ማዕበል ከሌለ ደግሞ ድምፅ የለም። በባሕር ጠረፍ ላደገች ልጅ፣ እንዲህ ጭጭ ያለ ባሕር አጠገብ መቆም ትንፋሹ ከተቋረጠ ሰው ጎን እንደ መቀመጥ ነው።

በደረሰችበት ቀን ከሰዓት በኋላ በባሕሩ ዳር ስትራመድ፣ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በረዶው ላይ የቆመ ሰው አየች። ቀይ የሱፍ ቆብ አድርጓል። ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ባሕሩ ያያል። ዓሣ አጥማጅ መሰላትና ፎቶ አንስታው አለፈች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስትመለስም እዚያው ነበር፤ ንቅንቅ አላለም።

በቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሬንታሮና ዩጎ የሚባሉ ሁለት የኦሳካ ተማሪዎች አርፈዋል። እራት ላይ ሂሳኖ የሳልሞን ዓሣ ሾርባ እየቀዱ ሳለ ሬንታሮ ነገር ጀመራት።

“የሺዙኦካ ልጅ፣ በረዶ የምታውቂው ፍሪጅ ውስጥ ነው አሉ።”

“እኔስ ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን አውቀዋለሁ። የኦሳካ ሰው እኮ ከአፉ በቀር የሚያውቀው የለም።”

ተሳሳቁ። ከዚያ ስላየችው ሰው አወራችና ፎቶውን ልታሳያቸው ስልኳን ከፈተች። ፎቶው ላይ በረዶ ብቻ ነበር። አሳድጋ አየችው፤ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ገፋችው፤ ሰው የለም። ዩጎ፣ ሰውየው ፎቶ መነሳት የሚያስከፍል መስሎት ሸሽቶ ይሆናል ብሎ ቀለደ። ሂሳኖ ግን ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ መልሰው ታማኪን ትክ ብለው አዩዋት።

“ወዴት ዞሮ ነበር?”

“ወደ ባሕሩ።”

“እንግዲያው ደህና ነው። ወደ መሬት ዞሮ ካየሽው ግን፣ የትም ብትሆኚ ሮጠሽ ንገሪኝ።”

ሾርባውን መቅዳት ቀጠሉ። ልጆቹ በጠረጴዛው ሥር እግር ለእግር ተጠቃቀሱ።

በማግስቱ ጠዋት ሬንታሮና ዩጎ ከወደቡ የድንጋይ ግንብ አልፈው በረዶው ላይ የሚተኙትን አቆስጣ የሚባሉ የባሕር እንስሳት ፎቶ ሊያነሱ ወጡ። ሂሳኖ ያለ መሪ በረዶው ላይ እንዳትወጡ ብለዋቸው ነበር፤ እሺ እሺ ብለው ሄዱ። ታማኪ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይታ ወደ ትናንቱ ቦታ ወረደች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ነፋስ የለም።

ሰውየው እዚያው ቆሟል። ፊቱ ወደ እሷ ነው።

ከዚያ ርቀት ዓይንና አፍንጫው አይለይም፤ ጎልማሳ መሆኑን ግን በምን እንደሆነ እንጃ፣ አወቀች። ቀኝ እጁን አነሳ። መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ቀስ እያለ ያወዛውዛል፤ ሰው ሲጠራ እንደሚደረገው። ታማኪ አየችው። አየችው። ከዚያ ቀጥሎ የምታስታውሰው ጫማዋ ውስጥ የገባውን ውሃ ቅዝቃዜ ነው። ቀና ስትል በረዶው ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ከአሸዋው እስከ ቆመችበት ድረስ አሥራ አንድ የእግር ዱካ ተደርድሯል፤ ሁሉም የራሷ። መቼ እንደወረደች፣ መቼ እንደተራመደች አታውቅም። ግራ እግሯ በቀጭኑ በኩል ሰርጉዶ ባያነቃት ኖሮ የት ታቆም እንደነበረ ማሰብም አልፈለገች። ሰውየው የለም። በዱካዋ ላይ ወደ ኋላ ተመልሳ ሮጠች።

ሂሳኖ በሩ ላይ ስታለከልክ ሲያዩዋት አልጠየቋትም። ስልክ አንስተው ወደ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ደወሉ። “ዞሯል” ብቻ ነው ያሉት። ወዲያው በመንደሩ ምሰሶዎች ላይ የተሰቀሉት የድምፅ ማጉያዎች፣ በረዶ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ባስቸኳይ እንዲወጣ አስታወቁ። ሁለት አጥማጆች በመኪና ሄደው የኦሳካዎቹን ልጆች እያጉረመረሙ አወጧቸው።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ነፋሱ ከተራራው በኩል ተነሳ። በባሕሩ ዳርና በበረዶው መካከል እንደ ጥቁር መቀነት ያለ ቀጭን መስመር ታየ፤ ሲያዩት እየሰፋ ሄደ። ምሳ ቀርቦ ሳያልቅ፣ ልጆቹ ቆመውበት የነበረው በረዶ በሙሉ ከነአቆስጣዎቹ ተጎትቶ ሄዶ ከዓይን ጠፋ። ሬንታሮ ይህን በመስኮቱ አይቶ ምሳውን ትቶ ተነሳ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ተሰናብተው ሄዱ።

ታማኪና ሂሳኖ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ሂሳኖ ሳትጠይቃቸው ነገሯት። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ባላቸው ቶዮኪቺ በረዶው ላይ ሮጣ የገባች ውሻቸውን ሊመልስ ገባ። ነፋሱ ዞረ። ውሻዋ ዘላ ወጣች፤ እሱ ግን የቆመበት በረዶ ተቆርጦ ይዞት ሄደ። በጠራራ ፀሐይ፣ መንደሩ ሁሉ ዳር ቆሞ እያየ። ጀልባ እስኪመጣ ከውሃው የተነሳ ጭጋግ ሸፈነው።

“ከዚያ ወዲህ ሰው ያየዋል” አሉ። “እንግዳ ብቻ ነው የሚያየው። የመንደሩ ሰው አያየውም። ወደ መሬት የዞረ ዕለት ነፋሱም ይዞራል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ስጠብቅ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ክፍሎቹን የማከራየውም እንግዳ አይቶ እንዲነግረኝ ነው።”

ሂሳኖ ቀጠሉ።

“ያን ቀን እጁን ሲያወዛውዝልኝ ነበር። እኔ ዳር ቆሜያለሁ፣ መሐላችን ያለው ውሃ ገና አንድ ዝላይ ነበር። ነይ ይለኝ ይሁን ሂጂ ይለኝ ግን ከሩቅ አይለይም። ሂጂ ነው ብዬ ቀረሁ።” ዓይን ዓይኗን አዩዋት። “ዛሬ እጁን አንስቶልሽ ነበር?”

መዋሸት ትችል ነበር፤ ምናልባትም ነበረባት። ነገር ግን ሴትዮዋ እንዲህ አድርገው ሲያዩዋት አልቻለችም።

“አንስቶ ነበር፣ እማማ።”

“ምን ይል ነበር?”

“አላውቅም። እግሬ ግን ነይ ብሎ ነው የሰማው። አሥራ አንድ እርምጃ ገብቼ ነው ራሴን ያገኘሁት።”

ሂሳኖ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዋጋ ተነግሯቸው እንደተስማሙ ሰው። ሻይ ቀዱላት። ውጭ ማዕበሉ ተመልሶ ዳርቻውን ይመታ ነበር። ታማኪ ያን ድምፅ እየሰማች በማግስቱ ጠዋት ባቡሯን ያዘች፤ ሂሳኖ በደረቀ የባሕር አልጌ የተጠቀለለ ሩዝ ቋጥረውላት እስከ ጣቢያው ሸኟት።

ታማኪ ትምህርቷን ጨርሳ አሁን ሺዙኦካ ውስጥ መምህርት ናት። አሁንም ትጓዛለች፣ ግን ወደ ደቡብ። ከሂሳኖ ጋር በየአዲስ ዓመቱ ካርድ ይላላኩ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት የመጣው ካርድ ላይ የአድራሻው ቦታ ተቀይሮ አየች። ሂሳኖ ቤታቸውን ዘግተው፣ ባሕር ወደማይታይበት ወደ አሳሂካዋ፣ እህታቸው ዘንድ ሄደዋል። የጻፉት እንዲህ ይላል፦ “አንቺ ከነገርሽኝ ወዲህ ቤቱ አላስቀምጠኝ አለ። ባሕሩ ዝም ባለ ቁጥር፣ እኔ ሳላዛቸው እግሮቼ በሩ ሥር ጫማ ይፈልጋሉ። እዚህ ግን የመኪና ድምፅ አለ፤ ደህና እተኛለሁ።”

ታማኪ ካርዱን ደጋግማ አነበበችውና ያኑ ዕለት መልስ ጻፈች። አንድ መስመር ብቻ ነበር። “እማማ፣ እባክዎ እዚያው ይቆዩ።”